ሲአር ወይስ ዲአር፦ ለራጅ ክፍላችሁ ሌዘር ወይስ ፓናል?

"ፊልሙን ልንተው ነው። ሲአር እንግዛ ወይስ ዲአር?" ይህ ጥያቄ በስልክ ስንት ጊዜ እንደመጣልኝ ቆጥሬ አላውቅም። ሁለቱም ራጅን ያለ ፊልም ኮምፒውተር ላይ የሚያወጡ ዘዴዎች ናቸው፤ ሲአር ካሴት ውስጥ ያለ ሰሌዳ በሌዘር ያነባል፣ ዲአር ደግሞ ምስሉን በራሱ የሚያወጣ ፓናል ነው። አንዳንዴ የሚጠይቀኝ የክሊኒክ ባለቤት ነው፤ አንዳንዴ ራጅ የሚያነሳው ባለሙያ፣ ራዲዮግራፈሩ። አንዱማ ሁለት ፕሮፎርማ በእጁ ይዞ፣ ሻጩ በር ላይ እየጠበቀው ነው የደወለልኝ። እኔ የምውለው የሕክምና መሣሪያ ጥገና ላይ ነው። ስለዚህ መልሴ ከሻጩም ከሐኪሙም ትንሽ ይለያል። ሻጩ የሚያሳያችሁ መሣሪያው በአዲስነቱ የሚያነሳውን ምስል ነው። እኔን የሚጠሩኝ ደግሞ መሣሪያው በቆመ ቀን ነው።

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። አንድ የራጅ ክፍል ብቻ ያለውና አዲስ የሚገዛ ሰው ዛሬ ፓናሉን ይግዛ። ሕፃናትን የሚያነሳ ከሆነማ ብዙም አያስብ። ሲአር የሚያዋጣባቸው ቦታዎች ግን አሉ፤ ሰው እንደሚገምተውም ጥቂት አይደሉም። የትኛው ቦታ ላይ እንዳላችሁ ለማወቅ ሁለቱ እንዴት እንደሚሠሩ ማየት ይበጃል።

አንድ ዓይን ወይስ ሚሊዮን ዓይን

የችግሩ ሥር እዚህ ነው። ራጅን እንደ ካሜራ በሌንስ ሰብስቦ ማሳነስ አይቻልም። ደረት የሚያክል ምስል ለመያዝ ደረት የሚያክል መቀበያ ያስፈልጋል። በስልካችሁ ካሜራ ውስጥ ያለው ቺፕ የጥፍር ያህል እንኳ ላይሆን ይችላል። 43 ሴንቲሜትር ጎን ያለው መቀበያ እንዴት ይሠራል? ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ ተገኘ።

የመጀመሪያው ሲአር ነው። ካሴቱ ከውጭ ሲታይ የድሮው የፊልም ካሴት ነው። ውስጡ ግን ነጭ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው ላይ የተቀባው ዱቄት ከባሪየም፣ ከፍሎሪንና ከብሮሚን የተሠራ ሲሆን ጥቂት ዩሮፒየም ተጨምሮበታል። ራጅ ሲመታው ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ይነሡና ክሪስታሉ ውስጥ ባሉ ክፍተቶች ይያዛሉ። እዚያው ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ምስሉ አለ፤ በዓይን ግን አይታይም።

ራዲዮግራፈሩ ካሴቱን ወደ ማንበቢያው ይወስደዋል። ማሽኑ ሰሌዳውን ከካሴቱ ስቦ ያወጣና ቀይ ሌዘር ከዳር እስከ ዳር ያስኬድበታል። ልክ እንደ አራሽ፣ ትልም በትልም። ሌዘሩ የነካው ቦታ ላይ የተያዙት ኤሌክትሮኖች ይለቀቃሉ፤ ሲለቀቁም ሰማያዊ ብርሃን ብልጭ ይላል። ማሽኑ ቀዩን በማጣሪያ ይከለክልና ሰማያዊውን ብቻ ይለካል። የሞገድ ርዝመታቸው በጣም ስለሚራራቅ አይቀላቀሉም፤ ቀዩ ከ630 ናኖሜትር በላይ ነው፣ ሰማያዊው 400 አካባቢ። በመጨረሻ ሰሌዳው ላይ ኃይለኛ መብራት ይበራበታል። የቀረው ትዝታ ይጠፋል፣ ሰሌዳው ለሚቀጥለው ታካሚ ይዘጋጃል። ይህን ነገር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ ያበቃው የጃፓኑ ፉጂ ነው።

ሁለተኛው መልስ ፓናሉ ነው፤ ዲአር የሚባለው። ሌዘር የለውም። የሚዞርም የሚጎተትም ነገር የለበትም። ከላይ ራጅን ወደ ብርሃን የሚቀይር ንጣፍ አለ። ከሥሩ ደግሞ መስታወት ላይ የተዘረጋ፣ አሞርፈስ ሲሊኮን የሚባል ስስ የኤሌክትሮኒክስ ንጣፍ አለ። እያንዳንዷ ፒክስል የራሷ ብርሃን ተቀባይና የራሷ ትራንዚስተር አላት። 43 በ43 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ፒክስሉ 140 ማይክሮን ገደማ የሆነ (ማይክሮን የሚሊሜትር ሺኛ ነው) ፓናል ከ9 ሚሊዮን በላይ ፒክስል ይይዛል። ይህን ያህል ሰፊ መስታወት ላይ ትራንዚስተር የመዘርጋት ጥበብ የመጣው ከጠፍጣፋ ስክሪን ፋብሪካዎች ነው። ሳሎናችሁ ያለው ቴሌቪዥንና ይህ ፓናል የአክስት ልጆች ናቸው።

እንግዲህ ሌዘሩ አንድ ዓይን ይዞ ይዞራል፤ ፓናሉ ሚሊዮን ዓይን ይዞ ይቀመጣል። ፍጥነቱም፣ ዋጋውም፣ ብልሽቱም ከዚህ ይመነጫል።

ከ100 ስንቱ ይቆጠራል?

ሻጮች ስለ ምስል ጥራት ሲያወሩ ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የምጠይቀው እሱን ነው። የታካሚውን ሰውነት አልፈው መቀበያው ላይ ከደረሱት 100 የራጅ ቅንጣቶች ውስጥ ለምስሉ የሚጠቅሙት ስንት ናቸው?

በግምት እንዲህ ነው። በተለመደው የዱቄት ሲአር ከ20 እስከ 30። ጋዶክስ በሚባለው ንጣፍ በተሠራ ፓናል ከ30 እስከ 45። በሲዝየም አዮዳይድ ፓናል ከ60 እስከ 70። እነዚህ ቁጥሮች እንደ ሞዴሉና እንደ ኪሎቮልቱ፣ ማለትም እንደ ራጁ ኃይል፣ ይለዋወጣሉ፤ ቅደም ተከተላቸው ግን አይለወጥም።

በተግባር ምን ማለት ነው? ጥሩ የሲዝየም ፓናል በሲአር ለሚገኘው ምስል ከሚያስፈልገው ጨረር በግማሹ ያህል ሊሠራ ይችላል። ለአዋቂ አንድ የእጅ ራጅ ብዙ ለውጥ አያመጣ ይሆናል። ለአምስት ወር ሕፃን፣ ለሳንባ ምች ተመላልሶ ለሚነሳ ልጅ ግን ቀልድ አይደለም።

ሰው የማያስተውለው ሌላ ጥቅምም አለ። ብዙ ክሊኒኮች ያላቸው የራጅ ማሽን ያረጀና አቅሙ የደከመ ነው። ጨረሩ ከተቀነሰ የሚነሳበት ጊዜም ያጥራል። ልጁ ትንፋሹን ባይዝም ምስሉ አይደበዝዝም። ራጁን የሚያመነጨው ቱቦም ብዙ አይግልም፤ ዕድሜው ይረዝማል። የራጅ ቱቦ ቀይሮ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ገንዘብ እንደሆነ ይገባዋል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ፕሮፎርማው ላይ "ዲአር ፓናል" ብቻ ተብሎ ከተጻፈ አትፈርሙ። ጋዶክስ ነው ወይስ ሲዝየም? ጋዶክስ ዱቄት ነው፤ ብርሃኑ ውስጡ ወደ ጎን ይበተናል። ርካሽና ጠንካራ ነው፣ መጥፎ አይደለም። ሲዝየም አዮዳይድ ግን እንደ ሸምበቆ ቀጥ ብለው በቆሙ ቀጫጭን መርፌዎች መልክ ነው የሚያድገው። ብርሃኑ በየመርፌው ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ወደ ጎን ብዙ አይሸሽም። ለዚህ ነው ንጣፉ ወፍሮ ብዙ ራጅ እየያዘ ምስሉ ጥርት የሚለው። ሁለቱን ፓናሎች ከውጭ አይታችሁ መለየት አትችሉም። የሚለየው ወረቀቱና ዋጋው ነው። አንዳንዴ ደግሞ ዋጋው ብቻ!

ለጡት ምርመራ ሌላ ዓይነት ፓናል አለ፤ አሞርፈስ ሴሌኒየም። እሱ ብርሃን በመሃል ሳያስገባ ራጁን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል፤ ፒክስሉም በጣም ደቃቅ ነው። ይሁንና ሙቀት አይችልም። ከገደቡ በላይ ከሞቀ ሴሌኒየሙ ክሪስታል እየሠራ ለዘለቄታው ይበላሻል። ሰመራ ወይም ጋምቤላ ላይ ይህን ልትተክሉ ከሆነ፣ ከፓናሉ በፊት ሌሊትም የማይጠፋ አየር ማቀዝቀዣ ግዙ።

የማይክሮኑ ማታለያ

"የእኛ ሲአር 100 ማይክሮን ነው፤ የእነሱ ፓናል 140። ስለዚህ የእኛ ይበልጣል።" ይህን የሻጭ ንግግር ሰምታችሁ ይሆናል። ቁጥሩ እውነት ነው። መደምደሚያው ግን አይከተልም።

የሌዘሩ ጨረር ዱቄቱ ውስጥ ሲገባ ይበተናል። ወተት ላይ የባትሪ መብራት ብታበሩ ብርሃኑ እንደሚሰፋው ማለት ነው። 100 ማይክሮን እየዘለላችሁ ብታነቡም፣ በእያንዳንዷ ንባብ ከጎኗ ያለው ምስል ተቀላቅሎ ይመጣል። በዚያ ላይ ሐኪሙ ደቃቁን ነገር የሚያጣው ብዙ ጊዜ ፒክስሉ ስለሰፋ አይደለም፤ ምስሉ እንደ አሸዋ ስለተንጨባረቀ ነው። ይህን የሚወስነው ከላይ ያልኩት የ100ው ቁጥር ነው። ለጣት አጥንት ስንጥቅ ጥሩ ሲአር ይበቃል፤ አልክድም። ለወፍራም ሰው የወገብ ራጅ ግን ሲአሩ ፓናሉ አጠገብ አይደርስም።

ብልሽቱ ምን ይመስላል

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ክሊኒክ ጠራኝ። ማሽኑ ቆሞ አልነበረም። ግራ የገባው ሐኪሙ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ሰዎች የሆድ ራጅ ተነስተው የኩላሊት ጠጠር ታየባቸው። ሦስቱም በግራ በኩል፣ ሦስቱም በአንድ ከፍታ። አልትራሳውንድ ሲደረግላቸው ጠጠር የለም።

ሦስቱም የተነሱት በአንድ ካሴት ነበር። ሰሌዳውን አውጥቼ ወደ መስኮቱ ስይዘው ላዩ ላይ የደረቀች ጠብታ ነገር ተለጥፋለች። ሌዘሩ እሷ ጋ ሲደርስ ብርሃን አላገኘም፤ ብርሃን ያልተገኘበት ቦታ ደግሞ ምስሉ ላይ ነጭ ነጥብ ነው። አምራቹ በፈቀደው ፈሳሽ ጠርጌ ሦስቱን "ጠጠሮች" በአንድ ደቂቃ አወጣኋቸው።

የሲአር ብልሽት አብዛኛው እንዲህ ነው። መካኒካዊ ነው፤ ይታያል፤ ይነካል። ነጭ ነጥብ በአንድ ካሴት ላይ ብቻ ከታየ ሰሌዳው ቆሽሿል ወይም ተጭሯል። ቀጭን ነጭ መስመር ከላይ እስከ ታች በሁሉም ካሴት ላይ አንድ ቦታ ከታየ ብርሃን መሰብሰቢያው ላይ አቧራ አለ። የአጥንቱ ዳር እንደ ደረጃ ከተቆራረጠ ሌዘሩ ወይም መስተዋቱ ይንቀጠቀጣል። ሮለሩ ካሴት ከዋጠ፣ በቃ፣ ጎማው አልቋል። ልምድ ያለው ባለሙያ አገር ውስጥ ሆኖ ብዙውን ያስተካክለዋል። ሌዘሩን ግን ሽፋኑን ከፍታችሁ በባዶ ዓይን አትዩት። ሲዘጋ ምንም አያደርግም፤ ሲከፈት ዓይን ይጎዳል።

ፓናሉ በተቃራኒው ነው። ለዓመታት ምንም አይልም። የሚጠይቀው በየጊዜው ካሊብሬሽን ብቻ ነው፤ የሞቱ ፒክስሎችን ካርታ ማደስ፣ የሁሉንም ፒክስል ስሜት እኩል ማድረግ። ከዚያ አንድ ቀን ከእጅ ይወድቃል። ውስጡ ትልቅ መስታወት መሆኑን ያኔ ነው የሚያስታውሱት። ወይም ደም፣ ሽንት፣ የማጽጃ ውኃ በጠርዙ ይገባል። የተሰበረ ፓናል አዲስ አበባ ውስጥ አይጠገንም፤ ይላካል ወይም ይቀየራል። ዋጋው በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር በገበያ ከተተመነ በኋላ ደግሞ የዶላር ነገር ለማንም አልቀለለም። በፕላስቲክ ላይ የተሠሩ፣ መስታወት የሌላቸው ፓናሎች መጥተዋል። መውደቅን የበለጠ ይችላሉ፤ በጀታችሁ ከፈቀደ ለአልጋ ላይ ራጅ እነሱን አስቡ።

ታዲያ የትኛው ያስፈራል? እኔ ስመዝነው እንዲህ ነው። ሲአር ብዙ ጊዜ ትንሽ ትንሽ ያማል። ፓናል አይታመምም፤ ሲሞት ግን በአንዴ ነው። ስለዚህ ፓናል የሚገዛ ሰው ከዋጋው ይልቅ ስለ ሁለት ነገር አጥብቆ ይደራደር፦ መውደቅን የሚሸፍን ዋስትና፣ እና ፓናሉ ሲላክ በምትኩ የሚሰጥ የውሰት ፓናል። ሁለቱም በጽሑፍ። "ችግር የለም፣ እኛ አለን" የሚለው የቃል ተስፋ ፓናሉ በወደቀ ማግስት ስልክ አያነሳም።

መብራት

መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ አንድ የሲአር ጠባይ እወቁ። ንባቡ ምስሉን ያጠፋዋል። ሌዘሩ ያለፈበት ቦታ ላይ የነበረው ተለቋል፤ አይመለስም። ሰሌዳው ግማሹ ተነብቦ መብራት ቢጠፋ ያ ታካሚ እንደገና መነሳት አለበት፤ ጨረሩም ሁለት ጊዜ ይቆጠርበታል። ስለዚህ ማንበቢያውም ኮምፒውተሩም ያለ ዩፒኤስ አይሞከርም። ጄኔሬተር አለን ብላችሁ አትዝናኑ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ያለው ጥቂት ሰከንድ ይበቃል።

ገመድ አልባ ፓናል የራሱ ባትሪ አለው። አብዛኞቹ ኮምፒውተሩ ቢጠፋ እንኳ ምስሉን በራሳቸው ማኅደር ይይዙታል። ባትሪው ግን እንደ ስልክ ባትሪ ያረጃል። ስትገዙ የአንዱን ባትሪ ዋጋ ለብቻው ጠይቁ፤ ሁለት ትርፍ ደግሞ አብራችሁ ግዙ። ፓናሉ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ የሚቀመጥ ከሆነ ባለ ገመዱን እመርጣለሁ። ርካሽ ነው፣ ባትሪ የለውም፣ ዋይፋይም አያስፈልገውም። ከሁሉ በላይ ገመዱ ስለሚይዘው ሰው ይዞት አይዞርም፤ ስለዚህ አይወድቅም።

ሰልፉ ስንት ሰው ነው?

በቀን 12 ሰው የምታነሱ ከሆነ ፍጥነት አያሳስባችሁ። ካሴቱን ይዞ ሄዶ አስነብቦ መመለስ ለአንድ ምስል ሁለት ደቂቃ ያህል ቢጨምር ምን አለበት።

በቀን 80 ሰው ሲሆን ሒሳቡ ሌላ ነው። 80 ሰው ወደ 120 ምስል ይመጣል እንበል። በየምስሉ ሁለት ደቂቃ ሲጨመር 240 ደቂቃ ነው፤ አራት ሰዓት ሙሉ። ያ የአንድ ራዲዮግራፈር ግማሽ ቀን በእግር ጉዞ አለቀ ማለት ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ማንበቢያዎች እንደ ሞዴላቸው በሰዓት ከ30 እስከ 70 ሰሌዳ ገደማ ያነባሉ፤ ሰሌዳው ግን ራሱ ተራምዶ አይመጣም። ፓናሉ ምስሉን በጥቂት ሰከንድ ስክሪን ላይ ያወጣል። ልጁ ተንቀሳቅሶ ከሆነ እናቱ ከክፍሉ ሳትወጣ ይታወቃል።

ሲአር የሚያሸንፍበት ቦታ ይኸውና። ሦስት የራጅ ክፍል ያለው ሆስፒታል፣ በዚያ ላይ ለአልጋ ቁራኛ ታካሚዎች የሚንቀሳቀስ ማሽን ያለው፣ ግን ገንዘቡ ለአንድ መሣሪያ ብቻ የሚበቃ። አንድ ማንበቢያና አሥር ካሴት ሁሉንም ክፍል ያገለግላሉ። ካሴቱ የድሮው ማስቀመጫ ውስጥ ልክ ይገባል፤ ጠረጴዛ መቀየር የለም። አንድ ካሴት ቢሰበር ዘጠኝ አለ። በአንድ ፓናል ሦስት ክፍል እናዳርሳለን የሚሉ አሉ። ይቻላል። ፓናሉ በቀን አርባ ጊዜ በኮሪደር ሲመላለስ ግን የሚወድቅበት ቀን እየቀረበ ነው።

ለመስክ ሥራም ሲአር ክፉ አይደለም። ብቻ ተነስቶ ቶሎ መነበብ አለበት። ሰሌዳው ውስጥ የተያዘው ምልክት በ8 ሰዓት ውስጥ ሩብ ያህሉ በራሱ ይጠፋል። ጠዋት አንስቶ ማታ ከተማ ገብቶ ማስነበብ ለዚህ አይመከርም።

ያለውን ማሽን ከፓናል ጋር ማጣመር

ብዙ ሰው የራጅ ማሽኑን ሳይቀይር ፓናል ብቻ ይገዛል። ጥሩ ዘዴ ነው። ግን ፓናሉ ራጁ መቼ እንደሚመጣ ማወቅ አለበት። አንዱ መንገድ ፓናሉን ከራጅ ማሽኑ ጋር በገመድ ማገናኘት ነው፤ አስተማማኙ ይህ ነው። ሌላው ፓናሉ ራሱ ጨረሩን ሲያይ እንዲነቃ ማድረግ ነው። ሻጮች ሁለተኛውን ይወዱታል፤ ተከላው ግማሽ ቀን አይፈጅም።

ሁለተኛው የሚሸውድበት ቦታ አለ። ጨረሩ በጣም ትንሽ ሲሆንና የሚነሳው ቦታ በጣም ሲጠብ ፓናሉ ላይነቃ ይችላል። የሕፃን እጅ ለምሳሌ። ራጁ ተለቀቀ፣ ምስል የለም፣ ልጁ በከንቱ ተነሳ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ባለበት ይህን ሞክሩ። የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ፓናሉ ላይ፣ ጠርዙ አጠገብ አስቀምጡ። ራጁ የሚያርፍበትን ቦታ የሚያሳየውን መብራት የጠርሙሱን ያህል ብቻ አጥብቡት። ለሕፃን እጅ የምትጠቀሙበትን ዝቅተኛውን የጨረር መጠን አድርጋችሁ አሥር ጊዜ አንሱ። አሥሩም መምጣት አለባቸው። ዘጠኝ ከመጣ ገመድ ይዘርጋ።

ሁለቱም የሚደብቁት ነገር

ፊልም ሐቀኛ ነበር። ጨረር ከበዛ ይጠቁራል፣ ካነሰ ይነጣል፤ ራዲዮግራፈሩ ወዲያው ይቀጣል። ዲጂታሉ ግን ሁሉን አስተካክሎ ያቀርባል። ጨረሩ እጥፍ ቢሆን ምስሉ ያው ነው፤ እንዲያውም ይበልጥ ያምራል። ሐኪሙ ያመሰግናል። ስለዚህ መጠኑ በየወሩ ሳይታወቅ ሽቅብ ይወጣል። ሲዝየም ፓናል ገዝቶ በድሮው የፊልም መጠን ማንሳቱን የቀጠለ ክሊኒክ አይቻለሁ። ገንዘቡን የከፈለው ጨረር ለመቀነስ ነበር፤ አንድ ሰው ደግሞ የጨረር መጠን ሰንጠረዡን መቀየር ረሳ።

መከላከያው በየምስሉ ጥግ የሚወጣው የመጠን ቁጥር ነው። ችግሩ የድሮ ሲአሮች ቁጥር በየአምራቹ ይለያያል። በፉጂ ቁጥሩ ሲያንስ ጨረሩ በዝቷል። በኮዳክ ቁጥሩ በ300 ሲጨምር ጨረሩ እጥፍ ሆኗል። በአግፋ ደግሞ በ0.3። ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው የተዛወረ ባለሙያ ቢሳሳት አይፈረድበትም። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ዓለም አቀፍ ደረጃ ይህን አንድ አደረገው። በእሱ መሠረት ዜሮ ማለት ልክ ነው፣ ሲደመር 3 ማለት እጥፍ፣ ሲቀነስ 3 ማለት ግማሽ። የምትገዙት መሣሪያ፣ ሲአርም ይሁን ዲአር፣ ይህን ቁጥር ማሳየቱን ጠይቁ። ካላሳየ ሞዴሉ አሮጌ ነው ማለት ነው።

ጥቂት ከመንገድ ልውጣ

ይህ የሌዘርና የፓናል ፉክክር በሕክምና ብቻ የተካሄደ አይደለም። የፕሮቲን ክሪስታል የሚያጠኑ ሳይንቲስቶችም ለዓመታት እንዲሁ ሰሌዳና ሌዘር ነበር የሚጠቀሙት። 34.5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ሰሌዳ ይሽከረከራል፤ ሌዘሩ እንደ ሸክላ ዘፈን መርፌ ዙሪያውን እየተጠማዘዘ ያነባል። አንድ ምስል ለማንበብ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከዚያ ስዊዘርላንድ ውስጥ ፒላተስ የሚባለው ሰፊ ፓናል ተሠራ፤ 6 ሚሊዮን ፒክስል፣ ንባቡ በጥቂት ሚሊሰከንድ። ሰሌዳውም በዚያ ዓለም አብዛኛውን ቦታ ለቀቀ።

ካሊፎርኒያ ሊቨርሞር የሚገኘው፣ 192 የሌዘር ጨረር በአንዲት ትንሽ ዒላማ ላይ የሚያሳርፈው ተቋም ግን ዛሬም ሰሌዳውን አልተወም። ፍንዳታው የሚፈጥረው የኤሌክትሮማግኔት ነውጥ በአቅራቢያው ያለን ኤሌክትሮኒክስ ያናውጣል። ሰሌዳው ኤሌክትሮኒክስ የለበትም፤ ዱቄት ነው። ይቀበላል፣ ይጠብቃል፣ በኋላ ሌላ ክፍል ተወስዶ ይነበባል። "ያረጀ" ከሚባለው ዘዴ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ የሚያነበው ማሽን ከአደጋው ርቆ መቀመጥ ይችላል።

ከአሜሪካ የሚላክ ሲአር

አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን በሲአር ለሚነሳ ራጅ የሚከፍለውን ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ7 በመቶ ቀነሰ፤ ከ2023 ወዲህ ቅናሹ 10 በመቶ ሆኗል። ስለዚህ እዚያ ያሉ ሆስፒታሎች ሲአርን የሚያወጡበት ምክንያት ገንዘብ ነው እንጂ ማሽኑ መሞቱ አይደለም። ከዚያ የሚኖር ወንድም ይደውላል። "ሆስፒታላችን ሊጥለው ነው፣ በኮንቴነር ልላክላችሁ?"

እሺ ከማለታችሁ በፊት ጠይቁት። የሶፍትዌሩ ቁልፍ አብሮ ይመጣል? ሳይመጣ የቀረ ማሽን ክብደት ብቻ ነው። ኮምፒውተሩስ? ፕሮግራሙ የሚሠራው በዚያ አሮጌ ዊንዶውስ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሃርድ ዲስኩን "ለታካሚ ምስጢር" ብለው ካወጡት ምንም የላችሁም። በ220 ቮልት ይሠራል? ሰሌዳዎቹ ስንት ዓመታቸው ነው? ምንም ነገር ሳይቀመጥበት የባዶ ራጅ ምስል በእያንዳንዱ ካሴት ተነስቶ በኢሜይል ይላክላችሁ፤ ጭረቱም መስመሩም እዚያ ላይ ይታያል። ለሚያስገቡት መሣሪያም የጨረር ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ጉምሩክ ላይ ከቆመ በኋላ ሳይሆን።

ይህን ሁሉ ካለፈ ስጦታውን ተቀበሉ። ነጻ ሲአር ለሁለት ዓመት ቢያሠራችሁ የፓናሉን ገንዘብ ለመሰብሰብ ጊዜ ይሰጣችኋል። የፊልም ማተሚያው ግን በሁለቱም አይቀርላችሁም። ታካሚው ፊልሙን ተሸክሞ ወደሚቀጥለው ሐኪም መሄድ ይፈልጋልና፣ የማተሚያውን ወጪ ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ አስገቡ።

አሁን ሲአር ኖሯችሁ ፓናል የምትጨምሩ ደግሞ አሮጌውን ቶሎ አትሽጡ። ፓናሉ የወደቀ ቀን ክፍሉን የሚያድነው እሱ ነው። ካሴቶቹን ከራጅ ክፍሉ አውጥታችሁ ሌላ ክፍል አስቀምጡ፤ እዚያው ከቆዩ የሚበታተነውን ጨረር ቀስ እያሉ ይጠጣሉ። ከአንድ ቀን በላይ የተቀመጠ ሰሌዳ ታካሚ ላይ ከመዋሉ በፊት በማንበቢያው መብራት ትዝታው ይጥፋ። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሰኞ ጠዋት እንበል፣ ማሽኑን አስነስታችሁ አንድ ካሴት አስነብቡ። ለወራት ሳይሠራ የቆየ ሮለር ጎማው ይደርቃል፤ በተፈለገ ቀን ደግሞ ካሴቱን ይውጠዋል።